ፈቲያና የኮሪሶ ሰባት ኮክ

ፈቲያ አረፈች ብለው ሲደውሉልኝ ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ ሳቅኩ።

የደወለችው ድሬዳዋ ያለችው እህቷ ናት። «ተክሌ ነህ? የፈቲያ እህት ነኝ። ፈቲ ትናንት አረፈች» አለችኝ። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው «ነህ» ስትለው ጊዜ እውነትም እህቷ መሆኗን አወቅኩ። «እግዜር ነፍሷን…» ብዬ ስጀምር፣ ፈቲያ በቅሎ ላይ ፊቷን ወደ ጭራው አዙራ ቁልቁለቱን ስትወርድ ድንገት ዓይኔ ላይ መጣች። ሳቄ አመለጠኝ። የምገባበት ጠፍቶኝ ሳለ ከወዲያ ማዶም ሳቅ ሰማሁ። «አትሳቀቅ» አለችኝ፤ «እዚህ ለቅሶ ቤቱም እንደዚሁ ነው። አንዱ ሊያለቅስ ይመጣና የሷን ነገር አንስቶ ሁሉንም አስቆ ይሄዳል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ተራው ተገላበጠ እንጂ ሁለቱንም አድርሻለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከሰሜን ሸዋ በልጅነቴ ወጥቼ ሐዋሳ ቀረሁ። በጭነት መኪና ረዳትነት ጀመርኩ፣ ኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የኮንትራት ሹፌር ሆንኩ። ኮንትራት ማለት ምንም ሳታጠፋ አንገትህን ደፍተህ የምትኖርበት ሥራ ነው። የቋሚነት ደብዳቤዬ ዛሬ ይፈረማል፣ ነገ ይፈረማል ሲባል ዓመት አለፈ። ፈቲያ የፍራፍሬ ባለሙያ ሆና ከድሬዳዋ ተዛውራ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው።

በመጀመሪያው ቀን የመኪናውን በር ከፍቼ «ይግቡ፣ ወይዘሮ ፈቲያ» አልኳት። ዞር ብላ ከኋላዋ አየች።

«ማን አለ?»

«እርስዎን ነው እንጂ።»

«አቦ እኔ አንዲት ሴት ነኝ፤ ምን አበዛኸኝ?»

የድሬዳዋ ሰው አንቱታ አያውቅም ሲባል የሰው አሉባልታ ይመስለኝ ነበር። በዕድሜ ዐሥር ዓመት እበልጣታለሁ፤ እሷ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ «ተክልዬ፣ አንተ» ነው ያለችኝ። የኔስ ይሁን። ኃላፊያችን ቢሮ ገብታ «ወንበርህ ይንገዳገዳል እኮ፣ እንዴት ትቀመጥበታለህ? አናጺ ጥራ እንጂ» አለችው። ኃላፊው ሳምንቱን ሙሉ ፊቱን አጠቆረባት። በሳምንቱ አናጺ ጠራ።

አጭር ናት፤ ከመቀመጫው ላይ እግሯ መሬት አይደርስም። ስትስቅ የመኪናውን ዳሽቦርድ በመዳፏ ትደበድበዋለች። የዚያችን ፒክአፕ ራዲዮ በሳቅ ያበላሸችው እሷ ናት፤ ከወር በኋላ በሌላ ሳቅ መልሳ ሠራችው። ፍሬ ስታይ አታጥብም፣ አትልጥም፣ ትገምጣለች። ዓይኗን ጨፍና ታኝክና ዘሩን ምላሷ ላይ እያንከባለለች ትቆያለች፤ ከዚያ በመሃረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ብዕር ስትፈልግ መጀመሪያ የሚወጣው የማንጎ ዘር ነው፣ ቀጥሎ የጊሽጣ፣ ብዕሩ መጨረሻ ላይ እየተሟለጨ ይወጣል።

«ፍሬ በዓይን አይታወቅም» ትል ነበር። «ዓይን ይሉኝታ አለው። ምላስ ግን ባለጌ ነው፤ እውነቱን ይናገራል።»

ነገሩ የመጣው በግምገማ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የሚመጣው በግምገማ ነበር። «የፍራፍሬው ክፍል ያለው አንድ ሰው ነው፤ ውጤቱም አይታይም፤ ከቡናው ጋር ይታጠፍ» ተባለ። ፈቲያ ከስብሰባው ወጥታ መኪናው ውስጥ ገባችና «ተክልዬ፣ ሊያጥፉኝ ነው፣ እንደ አንሶላ» አለችኝ። እስከሚቀጥለው ዓመት የመስክ በዓል ድረስ ጊዜ ተሰጣት። ያን ቀን ለትልልቅ እንግዶች የሚታይ ነገር ካላቀረበች ክፍሉ ይዘጋል፣ እሷም ቡና መጋዘን ትገባለች። ቡና መጋዘን ማለት ለፈቲያ እስር ቤት ነው፤ እዚያ የሚገመጥ ነገር የለም።

የመረጠችው ሥራ ይህ ነው፤ ተራራ ላይ ባሉ ሩቅ መንደሮች እየዞሩ አባቶች የተከሏቸውን የጥንት የፍሬ ዛፎች መጎብኘት፣ ስማቸውን መመዝገብ፣ ዘራቸውን አምጥቶ ቱላ ባለው ችግኝ ጣቢያ ማፍላት። «የአያት ዛፍ እየተቆረጠ ባሕር ዛፍ እየተተከለ ነው። ሳያልቅ እንድረስበት» አለች።

ይርጋለም ላይ ነዳጅ ቀድተን ወደ አርቤጎና ተራሮች አቀናን። መንገዱ እስከ አንድ ወንዝ ወሰደንና «እኔ እዚህ ይበቃኛል» ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በእግርና በበቅሎ ነው። አንዲት በቅሎ ተከራየን፤ ባለቤቷ አመለኛ መሆኗን ነገረን። «እኔ ላናግራት» አለች ፈቲያ። በጆሮዋ ምን እንዳለቻት እንጃ፤ ወጣችባት። በቅሎዋ ዐሥር እርምጃ እንደሄደች ሐሳቧን ለወጠችና ፊቷን ወደ ቤቷ አዞረች። ፈቲያም ልትወርድ እግሯን ስታሻግር እዚያው ተገላብጣ ፊቷ ወደ ጭራው ሆነ። በቅሎዋ ቁልቁል ትሄዳለች፣ ፈቲያ እኛን እያየች ትርቃለች፣ አንድ እጇን እያውለበለበች።

«ተክልዬ» አለች ከሩቅ፣ «ወደፊት እየሄድኩ ነው ወይስ ወደኋላ?»

ባለቤቱ ሮጦ ያዛት። እሷ ግን አልወርድም አለች። «እንዲህ ይሻላል፤ የመጣሁበትን አያለሁ» ብላ በቅሎዋ በልጓም እየተሳበች፣ ጀርባዋን ለተራራው ሰጥታ ሸንተረሩ ላይ ወጣች።

እዚያ ላይ የደረስንበትን አልረሳውም። ሰባት ቤቶች ራቅ ራቅ ብለው ሸንተረሩን ይዘዋል፤ የእያንዳንዱን ቤት ጓሮ እንሰት ከቦታል፣ ከእንሰቱ ጀርባ ደግሞ የኮክ ዛፍ ነው፣ ኮክ ብቻ፣ ቅርንጫፉ ፍሬውን መሸከም አቅቶት መሬት የነካ። ፈቲያ የቆላ ሰው ናት። ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ካዝሚር ብትላት ዓይኗን ጨፍና ትነግርሃለች፤ ኮክ ግን ገበያ ላይ እንጂ ዛፍ ላይ አይታ አታውቅም ነበር። አንዱን ቀጠፈችና በጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ ጢም አብቅሏል እኮ፤ ልላጨው ወይስ እንዲሁ ልሳመው?» አለች። ገመጠችው። ፀጉሩ አፍንጫዋ ገብቶ ሰባት ጊዜ አስነጠሳት፤ በየማስነጠሷ መሃል ትስቃለች፣ በየሳቋ መሃል ትገምጣለች።

የሚያስተረጉምልን የልማት ጣቢያው ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሥልጠና ሄዶ አጣነው። «ሲዳምኛ የሚችል ማን አለ?» አለች ፈቲያ።

«እኔ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ሐዋሳ ገበያ ውስጥ በሲዳምኛ ጭነት ጭኛለሁ፣ ተጣልቻለሁ፣ ታርቄያለሁ። የገበያ ሲዳምኛ ግን የወንድ ሲዳምኛ ነው። ይህን ያኔ አላውቅም።

ዛፎቹን የተከሉት አንድ አዛውንት ናቸው፤ ሰባቱ ቤቶች የሰባት ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው። አዛውንቱ ያን ቀን ሌላ ወረዳ የተዳረች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል፣ ወንዶቹም ገበያ ወርደዋል። የተቀበሉን ምራቶቹ ናቸው። የአማታቸውን ስም ብንጠይቅ «አባታችን» ከማለት አላለፉም፤ እኛም መዝገቡ ላይ «አባታችን» ብለን ጻፍን።

የመጀመሪያዋ አሰገደች ትባላለች፣ ሳቅ የሚቀድማት ሴት። ኮኩን አንስቼ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አልኳት። ወደ መሬት አየች፣ ትንሽ አሰበች፣ አንድ ቃል አለች። ለፈቲያ ወደ አማርኛ መለስኩላት። «ፀጉራሟ።» ፈቲያ ጻፈች። ሁለተኛው ቤት ሄድን፤ ሴትየዋ እንደዚያው ወደ መሬት አይታ ሌላ ቃል አለች። «ጎረምሳ ጉንጭ» ብዬ ተረጎምኩ። ሦስተኛው ቤት «ልበ ድንጋይ»፣ አራተኛው «የጥጃ አፍንጫ»፣ እያለ ሄደ። ሰባተኛው ቤት ያለችው ትንሿ ምራት ዓይናፋር ናት። ብጠይቃት፣ ብጠይቃት፣ በመጨረሻ ዛፉን በአገጯ አሳየችና «ያቺ» አለች። ፈቲያ ጻፈች፤ «ሰባተኛ ዝርያ፣ ያቺ።»

ብዕሯን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆየች። «ተክልዬ፣ ምላሴ እነዚህ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይለኛል።»

«ስማቸው ሌላ ሌላ ነው እኮ» አልኳት በኩራት። «አንዱ ነጭ ሥጋ ነበረው፣ አንዱ ቢጫ። እናንተስ ድሬዳዋ ማንጎን ሰባት ስም ትጠሩታላችሁ?»

«አንጠራውም።»

«ታዲያ?»

«እሺ፤ ምላሴ ዛሬ ከመጠን በላይ ስለሠራች ይሆናል» አለች።

እንዲህ አድርጌ ነው፣ እውነት ከምትናገረው ምላስ ላይ የአራተኛ ክፍል እውቀቴን የጫንኩት።

ሪፖርቱ ቢሮ ሲገባ ተጨበጨበ። ከአንድ ሸንተረር ሰባት ያልታወቁ የኮክ ዝርያዎች። ኃላፊያችን ራሱ «ፈቲያ፣ በርቺ» አላት። ዘሩ ቱላ ተተከለ፣ ከረመ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጉልበት የደረሰ ችግኝ ሆነ። የመስክ በዓሉ ሲቃረብ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለ አንድ ሠዓሊ ሰባት ሰሌዳ በአረንጓዴ ቀለም ጻፈልን፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ መጥቶ «ወይዘሮ፣ ይሄ ‹ያቺ› የሚለው ሳይጨርሱት የቀረ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ጨርሰነዋል፣ እንደዚሁ ጻፍ» አለችው።

በበዓሉ ቀን ችግኝ ጣቢያው በድንኳንና በሰው ሞላ። ከክልል አንድ ትልቅ እንግዳ መጡ፤ የሲዳማ ልጅ ናቸው፣ ጠይም፣ ረጋ ያሉ። ከተራራውም የዛፎቹ ባለቤቶች ተጋብዘው ነበርና አሰገደች ከሦስት ባልንጀሮቿ ምራቶች ጋር መጣች፤ ከኋላቸው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው በትራቸውን ይዘው ይከተላሉ። እኔ መኪናዬ አጠገብ ቆሜያለሁ። ፈቲያ አዲስ ጫማ አድርጋ ከመደብ መደብ ትሮጣለች። ዛሬ ወይ ይዘጋል፣ ወይ ይቀጥላል።

እንግዳው የመጀመሪያውን ሰሌዳ አነበቡ። «ፀጉራሟ። ጥሩ።» ሁለተኛውን አነበቡ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ያቺ» ብለው አነበቡና ወደ ሌላ ሰሌዳ እየጠቆመ እንደሆን ብለው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው በሲዳምኛ «እናቴ፣ ይቺን ችግኝ ማን ትሏታላችሁ?» አሏት አሰገደችን።

አሰገደች «ፀጉራሟ» አለች።

ቀጥላ ያለችዋን ጠየቋት። ያችኑ ችግኝ «ጎረምሳ ጉንጭ» አለች። ሦስተኛዋ «የጥጃ አፍንጫ» አለች። ያችኑ ችግኝ።

የኃላፊያችን ፊት አመድ መሰለ። እንግዳው ግን ፈገግ ማለት ጀመሩ። «አማታችሁ ማን ይባላሉ?» አሉ። አራቱም ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። አሰገደች ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ ቃል ግን አይወጣትም። የምታውቀውን ነገር ልታስረዳ ብትፈልግ እንኳ የምታስረዳበት ቃል የተከለከለ ነው።

ያን ጊዜ ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ወደ ፊት ወጡ። «አማታቸው እኔ ነኝ፤ ኮሪሶ እባላለሁ። ልጆቼ ምን አጠፉ?»

«ምንም አላጠፉም፣ አባቴ» አሉ እንግዳው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ኮክ ነዋ።»

«ይህስ?»

«ኮክ ነው።»

እያንዳንዱን መደብ ጠየቋቸው። ሰባተኛው ላይ ሽማግሌው ተቆጡ። «ልጄ፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ? ኮክ ነው አልኩህ እኮ።»

እንግዳው ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ አስረዱ። በሲዳማ አገር ባሊሻ የሚሉት ወግ አለ። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በዚያ ስም መነሻ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም። ኮሪሶ ስለሆኑ ኮክ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ምራት የየራሷን ስም ፈጥራ ትኖራለች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ቁጣቸው ጠፋ። ምራቶቻቸውን አንድ በአንድ አይዋቸው። «ሰባት ስም?» አሉ። «ለኔ ሲሉ?» አሉና ደረታቸውን ነፉ።

ሰው ሁሉ ኃላፊያችንን ያያል። በዚህ መሃል ፈቲያ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሆዷ፣ ከዚያ እግሯ አልሸከም ብሏት በ«ጎረምሳ ጉንጭ»ና በ«ልበ ድንጋይ» መካከል ቁጭ አለች፣ በአዲሱ ጫማ።

ኃላፊያችን አልሳቀም። «ማነው ያስተረጎመው?» አለ።

ደብዳቤዬ በዚያው ሳምንት ሊፈረም ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመኪናው ቁልፍ እጄ ውስጥ በላብ ተነከረ። ልናገር አፌን ስከፍት ፈቲያ ከመሬት ላይ እጇን አወጣች፣ እንደ ተማሪ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሲዳምኛ እንደማትችል ቢሮው ሁሉ ያውቃል። እንግዳው በሲዳምኛ ጠየቋት፤ «ቋንቋውን የት ተማርሽ?» ነው ያሏት። ፈቲያ በሲዳምኛ የምታውቀው ሦስት ነገር ነው፤ ጣፋጭ፣ ውሃ፣ ደህና ነሽ። ፊቷን ኮስተር አድርጋ ያላትን ሁሉ አወጣች። «ደህና ነሽ? ውሃ ጣፋጭ» አለቻቸው። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ጣፋጭ» ብላ ጨመረችበት።

አሰገደች መጀመሪያ በሳቅ ወደቀች። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ዓይናቸው ሲጠረግ ግን ወደ መኪናው አካባቢ፣ ወደ እኔ አንዴ ተመለከቱ። የገባቸው ይመስለኛል። አልጠየቁም።

«እንዲህ ያለ ስሕተት» አሉ በመጨረሻ፣ «ቢሮ ቁጭ ብሎ አይሠራም። ይህን የተሳሳተ ሰው ተራራው ላይ ወጥቷል፣ ሰባት ቤት ገብቷል፣ ሰባት ሴት አነጋግሯል። ስሞቹን አትፍቋቸው፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጻፏቸው። ክፍሉም አይታጠፍ።»

ኃላፊያችን «አይታጠፍም» አለ። ምን ይበል።

ደብዳቤዬ በወሩ ተፈረመ፤ በሱው ጡረታ ወጣሁ። አስተርጓሚው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ ድረስ ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት ሰዎች ፈቲያን በዚያ ስሕተት እያነሱ ሲስቁ ስለምሰማ ነው። ሳቁ ይቀጥል፤ ስሕተቱ ግን የኔ ነው።

ያን ቀን ከቱላ አብረን ተመለስን። መንገዱ ግማሽ ላይ ስንደርስ «ለምን እንዲያ አልሽ?» አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ አፈር እያራገፈች ነበር። «ተክልዬ፣ አንተ ሹፌር ነህ። ሹፌር ሲሳሳት ገደል ገባ ይባላል። ባለሙያ ሲሳሳት ግን ጥናት ይባላል።»

«ደህና ነሽ?» አልኳት፣ በሲዳምኛ። «ውሃ ጣፋጭ» አለችኝ። አበቃ። እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ መንገዱ ጠፋኝ፤ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። እሷ ዳሽቦርዱን ትደበድባለች፣ እኔ መሪው ላይ ተደፍቻለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በመስኮት አዩን። ሁለት ሰው እንባ በእንባ ሆኖ፣ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ፤ ምን ያስቡ? ሸክማቸውን አስቀመጡ። «አይዟችሁ፣ እንገፋችኋለን» አለ አንዱ። ፈቲያ የለም ልትላቸው እጇን አወዛወዘች፤ ግፉ ያለቻቸው መሰላቸው። ስድስት ሆነው ከኋላ ያዙንና መግፋት ጀመሩ። እኔ መሪውን ያዝኩ፣ ምን ላድርግ። ሞተሩ ጤነኛ ነው ብሎ የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ በሰው ጉልበት እየሳቅን ሄድን።